ብቻውን የሚቆም ዜማ



አንድ ወጣት ቫዮሊኑን ይዞ ወደ መድረክ ብቻውን ሲወጣ፣ በአዳራሹ የተቀመጠው ሰው አስቀድሞ በልቡ የሚጠይቀው «የቀሩትስ የት አሉ?» ብሎ ነው። ፒያኖ የለም፤ ከበሮ የለም፤ ዘፋኝም የለም። ጣቱ ቢሳሳት የሚሸፍንለት፣ ክንዱ ቢዝል የሚያግዘው አያገኝም። ይህ ብቻውን የሚቆም ዜማ ከየት እንደ መጣና ከአገራችን ዜማ ጋር በምን እንደሚገናኝ ዛሬ ጥቂት እንድናስብ እለምናችኋለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ለብቻ ቫዮሊን ከተደረሱት ሥራዎች መካከል እጅግ የከበሩት፣ ጀርመናዊው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በ1720 ዓ.ም. በገዛ እጁ የጻፋቸው ስድስት ድርሰቶች ናቸው። አጃቢ የሌላቸው መሆናቸውንም በርእሳቸው ላይ ገልጾአል። ያ ጊዜ በእኛ አገር የዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመነ መንግሥት (1716–1721) ነበር፤ ይኸውም አዝማሪ በመውደዱ የሚታወቀውና በጎንደር ግቢ የዘፈን ቤት ያሠራው ንጉሥ ነው። እንግዲህ የፈረንጁ ሊቅ በአራት አውታር ሲራቀቅ፣ የእኛ አዝማሪ ከፈረስ ጭራ በተሠራ በአንድ አውታር መሰንቆ ንጉሥ ያስደስት ነበር ማለት ነው።

ቫዮሊን አራት አውታር ቢኖረውም ደጋኑ አራቱን በአንድነት ይዞ ሊቈይ አይችልም። ስለዚህ ባኽ ዜማውን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይም ወደ ታች እያዘለለ፣ የጐደለውን ድምፅ የሰሚው ጆሮ እንዲሞላው አደረገ። ይህ ጥበብ ግን ለብዙ ዘመን በሚገባ አልተስተዋለም። ታላቁ የዜማ ደራሲ ሮበርት ሹማን እንኳ በ1853 ዓ.ም. ለነዚሁ ድርሰቶች የፒያኖ አጃቢ ጻፈላቸው። ይህን ያደረገው ባኽን በመናቅ ሳይሆን በማክበር ነው፤ ሕዝቡ ያለ ደጋፊ ሊሰማቸው አልለመደምና። በዚያው ምዕት ዓመት ዮሴፍ ዮአኪም የተባለው የቫዮሊን ሊቅ ያለ አጃቢ በመድረክ እየተጫወተ ሰሚውን አስለመደ። ወረቀቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረ፤ የጐደለው የሚጫወትና የሚሰማ ሰው ነበር።

ይህን ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ። በጥንቱ ቤጌምድር፣ ከጉና ተራራ ወዲያ ባለው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አገር፣ ዜማ ከእርሻ ቀጥሎ የሚጠራ ሙያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጋይንት ቤተልሔም የምትባል ደብር አለች። ድጓ የተማረ ሰው፣ በየትም አገር ይማር፣ ሙሉ መምህር ለመባል ወደ ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር ጥንታዊ ሥርዐት ነው። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረም በዙር አምባ ያስመሰክራል።

ያ ተማሪ በመምህሩ ፊት ሲቆም ከመድረኩ ወጣት በምን ይለያል? ከበሮና ጽናጽል የሚመጡት በኋላ ነው። አስቀድሞ ቁም ዜማ አለ፤ እርሱም መሣሪያ የማያጅበው፣ በሰው ድምፅ ብቻ የሚቆም ነው። እርግጥ ሁለቱ ዜማዎች አንድ አይደሉም። ባኽ በአንድ መሣሪያ የብዙ ድምፅ ጥላ ሊያሳየን ይሻል፤ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግን በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ እየተመላለሰ ጥበቡን ሁሉ በአንዱ ድምፅ መታጠፍና መርገብ ላይ ያኖራል።

እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች አንድ ጉዳይ በወረቀት ሰፍሮ መዝገብ ቤት ከገባ አይጠፋም ብለን እናምናለን። ዜማ ግን እንዲህ አይደለም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል። ከይዘት፣ ከደረትና ከመሰሎቻቸው ሌላ፣ ከቃላት ተቈርጠው የተወሰዱ ፊደላት በንባቡ ላይ ይጻፋሉ። ፊደሉ ግን ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን ዜማ ያስታውሰዋል እንጂ ያላወቀውን አያስተምረውም። መምህር ከሌለ ምልክቱ ዲዳ ነው። ዛሬ ድምፅ በመሣሪያ ይቀረጻል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን የተቀረጸ ድምፅ የተማሪን ስሕተት ሰምቶ አያርምም።

ይህን ጉዳይ በሕይወታቸው ያገናኙት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ፤ በዐሥር ዓመታቸውም በሰው ፊት ተጫወቱ። ኋላም በካይሮ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ከመነኰሱ በኋላ በ1960ዎቹ በጎንደር ሲኖሩ፣ የያሬድን ዜማ የሚማሩ ልጆች እህል ለምነው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያድሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው በሙያቸው ሊረዱ ቈረጡ፤ በ1967 ዓ.ም. በጀርመን አገር ያሳተሙት የፒያኖ ሸክላም የዚህ ሐሳብ ፍሬ ነው። በ2023 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ብቻውን የቆመ የሚመስለው ዜማ በእውነት ብቻውን አይደለም። ከበስተኋላው ያስተማረው መምህር፣ አኩፋዳውን ይዞ በደጅ ለቆመው ልጅ ከእንጀራዋ ቈርሳ የሰጠች የጋይንት እናት፣ ዝም ብሎ የሰማም ሰው አለ። ከነዚህ አንዱ ሲጐድል መጽሐፉ በዕቃ ቤት ይቀራል፤ ዜማው ግን ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ወጣት፣ ቫዮሊንም ይያዝ ድጓ፣ ብቻውን በፊታችን ሲቆም «የቀሩትስ የት አሉ?» ብለን የጠየቅን እንደ ሆነ፣ መልሱ «እኛ ነን» የሚል ይሁን።