የላዳ ካምሻፍት ታሪክና የጥገናው ነገር



እንደሚታወቀው ከመካከላችን በላዳ ታክሲ ቤት የሠሩ፣ ልጆቻቸውን አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ጥቂት አይደሉም። መኪናቸውን እስከ ዛሬ ያልሸጡም አሉ። ታዲያ ሞተሯ ከላይ በኩል ጠቅ ጠቅ ማለት ስትጀምር ምክር ይበዛል። አንዱ “ካምሻፍቱን በብየዳ አስሞላው” ይላል፤ ሌላው “አስሞርደው” ይላል፤ ሦስተኛው “አዲስ ግዛ” ይላል። ገንዘቡ ግን ከቤት ቀለብ ላይ የሚነሣ ነውና ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ይበጃል። እኔ መካኒክ አይደለሁም። በመለዋወጫ መጋዘን ለብዙ ዓመታት መዝገብ ያዥ ስለ ነበርኩ ግን ከመካኒኮች ብዙ ሰምቻለሁ፤ የትኛው ዕቃ ቶሎ ቶሎ እንደሚጠየቅም አይቻለሁ።

ካምሻፍት ማለት ቫልቮቹን በየተራ የሚከፍት እንቁላል መሳይ ጉብታዎች ያሉት ዘንግ ነው። ላዳ 4 ሲሊንደርና 8 ቫልቭ ስላላት ጉብታዎቹም 8 ናቸው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ 1500 ጊዜ ይዞራል። እያንዳንዱ ጉብታም በደቂቃ 1500 ጊዜ ሮከር የሚባለውን ክንድ ይገፋል ማለት ነው።

ወደ ታሪኩ ስንመለስ፣ የላዳ እናት የጣሊያኗ ፊያት 124 ናት። ሶቪየት ኅብረትና የፊያት ኩባንያ ነሐሴ 9 ቀን 1958 ዓ.ም. ተዋውለው፣ ፋብሪካው በቮልጋ ወንዝ ዳር በቶልያቲ ከተማ ተሠራ። ከተማይቱ በዚህ ስም የተጠራችው በ1956 ዓ.ም. በሞቱት የጣሊያን ኮሙኒስት ፓርቲ መሪ በፓልሚሮ ቶልያቲ ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 መኪናዎች የተገጣጠሙት ሚያዝያ 11 ቀን 1962 ዓ.ም. ነበር።

ሩሲያኖቹ ግን ፊያትን እንዳለች አልተቀበሏትም። በእነሱ ሻካራ መንገድ ሲሞክሯት አካሏ ስለ ተሰነጣጠቀ ከ800 በላይ ለውጥ ተደረገባት። ትልቁ ለውጥ በሞተሩ ላይ ነው። በፊያት 124 ካምሻፍቱ ከታች በሞተሩ ጎን ተቀምጦ ቫልቮቹን በረጃጅም ዘንጎች ይገፋ ነበር። የሶቪየት መሐንዲሶች “ይህ አሮጌ አሠራር ነው፣ ካምሻፍቱ ከላይ ይሁን” አሉና በሰንሰለት የሚዞር ሆኖ ከቴስታታው ላይ ወጣ። ውሳኔው መልካም ነበር፤ ሞተሩ ፈጣን ሆነ፣ ኋላም ለማሳደግ ተመቸ። ዕዳው ደግሞ ዘይቱ ነው። ዘይት ከታች ተነሥቶ በካምሻፍቱ መካከለኛ ማረፊያ ይገባል፣ ከዚያ በዘንጉ ሆድ ሄዶ በትንንሽ ቀዳዳዎች ወደ ጉብታዎቹ ይወጣል። በመስኖ ቦይ መጨረሻ ላይ ያለ ማሳ እንደ ማለት ነው፤ ውሃ ሲያንስ መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ነው።

ስለዚህም የካምሻፍት መበላት የላዳ የታወቀ በሽታ ሆነ። ፋብሪካውም ዝም አላለም። ፊቱን በናይትሮጅን ያጠነክር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ የጉብታውን ገጽ አቅልጦ ወዲያው በማቀዝቀዝ ማጠንከር ጀመረ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ጥንካሬው ያለው በገጹ ላይ ነው።

እንግዲህ ምክሮቹን እንመዝናቸው።

አንደኛ፣ ማስሞረድ። ሲሞረድ ጠንካራው ገጽ ሊሄድ ይችላል፤ ከሥር ያለው ለስላሳ ብረት ደግሞ ቶሎ ይበላል። በዚያም ላይ የጉብታው ቅርጽ ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ተራ ቶርኖ አይሠራውም።

ሁለተኛ፣ በብየዳ ማስሞላት። ካምሻፍቱ የተሠራው ከቀለጠ ብረት ፈስሶ ነው፤ እንዲህ ያለ ብረት ብየዳ አይወድም፣ ይሰነጠቃል። ቢይዝ እንኳ ከሞላ በኋላ መሞረዱ አይቀርም።

ሦስተኛ፣ ከተፈታ ሞተር አሮጌ ማውጣት። ገንዘብ ለጎደለው ይህ አይናቅም። ነገር ግን ካምሻፍቱ፣ የተቀመጠበት የአሉሚኒየም ቤትና 8ቱ ሮከሮች ከአንድ ሞተር የወጡ ይሁኑ፤ ሮከሮቹም ቦታቸውን አይለዋወጡ። እርስ በርስ ተላምደዋልና።

አራተኛ፣ አዲስ መግዛት። የሚሻለው ይህ ነው፤ ግን አዲስ ካምሻፍት በአሮጌ ሮከር ላይ አይገጠምም። የተቦረቦረ ሮከር አዲሱን ጉብታ ይበላዋል።

ከመግዛት በፊት ግን መለካት ይቅደም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በጉብታውና በሮከሩ መካከል የሚኖረው ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ሮከሩ ከተቦረቦረ ስሱ መለኪያ ጉድጓዱን ተሻግሮ ስለሚያልፍ ቁጥሩ ልክ ይመስላል፤ ጩኸቱ ግን አይጠፋም። ስለዚህ ክፍተቱ ተስተካክሎም ጠቅ ጠቁ ካልቀረ፣ ክዳኑ ተከፍቶ 8ቱም ጉብታዎች በማይክሮሜትር ይለኩ፣ ሮከሮቹም ተፈትተው ይታዩ።

ከሁሉም በላይ የዘይቱ ነገር ይታይ። የዘይት ግፊቱ ደካማ ከሆነ ወይም ቀዳዳዎቹ በቆሻሻ ከተደፈኑ አዲሱም እንደ አሮጌው ይበላል፤ ገንዘቡም ሁለት ጊዜ ይወጣል። መጋዘን ሳለሁ ካምሻፍት ወስዶ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ፣ አንድ ሽማግሌ መካኒክ “በሽታው ሳይታከም በሽተኛው ተቀየረ” ይሉ ነበር።

እንዲህ ያለው የላዳ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2012 መሠራቱ አብቅቷል። እስከዚያ ከ17 ሚሊዮን በላይ ስለ ተሠራ ግን መለዋወጫው ጨርሶ አልጠፋም። ስለሆነም መኪና ያላችሁ አባላት፣ ከብዙ ምክር በፊት መለኪያውን፣ ከካምሻፍቱም በፊት ዘይቱን እንድታስቀድሙ በትሕትና አሳስባለሁ።