ሆድ በዕብራይስጥ ምን ይባላል?

አማርኛ ለሆድ የሰጠውን ሥራ እስቲ ለአፍታ እንቁጠረው። ስናዝን ሆድ ይብሰናል። ክፉ ነገር ሲሸተን ሆዳችን ቦጭ ቦጭ ይላል። ምስጢር በሆዳችን እንይዛለን፤ ትዕግሥተኛውን ሆደ ሰፊ፣ እንባው ቅርብ የሆነውን ሆደ ባሻ እንለዋለን። የተኳረፉ ወንድማማቾች ሆድና ጀርባ ይሆናሉ። የምንሳሳለትን ሰው ደግሞ ሌላ ስም ያጣን ይመስል ራሱን “ሆዴ” እያልን እንጠራዋለን። ፈረንጅ ለልቡና ለጭንቅላቱ ያከፋፈለውን ሥራ እኛ ለምሳ ማስቀመጫችንም አካፍለነዋል።

የቋንቋ ጨዋታ የጀመርን እንዳይመስላችሁ። ይኸው ሆድ በ1980ዎቹ እስራኤል ውስጥ የሕክምና እንቆቅልሽ ሆኖ ነበር። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች የተነሱ ቤተ እስራኤላውያን በእግራቸው ሱዳን ገብተው፣ እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የስደተኛ ካምፖች ሰነበቱ። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በተካሄደው ዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች በድብቅ በአውሮፕላን እስራኤል ገቡ። በመንገድና በካምፕ የቀሩት 4,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። ከዚያ ወሬው ሾለከ፤ ጋዜጦች ጻፉት፤ ሱዳን በሩን ዘጋች። እናት እዚያ፣ ልጅ እዚህ፣ ባል እዚያ፣ ሚስት እዚህ ሆነው ቀሩ። ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ያነሳው ዘመቻ ሰሎሞን እስከ መጣበት እስከ ሜይ 1991 ድረስ ብዙዎቹ ተቆራርጠው ኖሩ።

ካለ ወላጅ ከገቡት ታዳጊዎች ብዙዎቹ በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። እዚያ አንዳንዶቹ መብላት አቆሙ። የቀረበላቸውን አይነኩም፤ ከነኩም ይመልሱታል፤ ሰውነታቸው አለቀ። ሐኪሞቹ የሚያውቁት በሽታ ነበራቸው፤ አኖሬክሲያ ነርቮሳ። ውፍረትን የምትፈራ፣ መስታወት ፊት ቆማ ራሷን የምትለካ የከተማ ልጅ በሽታ።

ጋዲ ቤንኤዘር የሚባል እስራኤላዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን በነገሩ አልተስማማም። ከእነዚህ ልጆች ጋር ለዓመታት የሠራ ሰው ነው፤ ጉዳዩን በ1990 ባሳተመው ጽሑፍ አስረድቶታል። ልጆቹ መወፈርን አይፈሩም። ላደጉበት ባህል ሆድ የምግብ ብቻ ሳይሆን የሐዘንም ጎተራ ነው። ጨዋ ሰው ብሶቱን አደባባይ አያወጣም፤ በሆዱ ይይዘዋል፤ ሆደ ሰፊ መሆን ይጠበቅበታል። ጎተራው በእናት ናፍቆት፣ መንገድ ላይ በቀረ ወንድም፣ በፍርሃት ሲሞላ ለዳቦ የሚሆን ቦታ ከየት ይምጣ? ምግቡን ከመመዘን በፊት ሆድ ውስጥ ያለውን ነገር ማስወጣት፣ ማናገር ያስፈልጋል ማለት ነው።

ይህንን ስናነብ ትንሽ ተናደድን፣ ትንሽም ሳቅን። ማንኛዋም የጎንደር አያት በነፃ ትነግራቸው የነበረውን ነገር ለማወቅ ሳይኮሎጂስት ማስፈለጉ! ነገር ግን ፍትሐዊ እንሁን፤ አያትየዋን የጠየቃት ሐኪም አልነበረም፣ ሰውየው ግን ጠይቆ ሰማ።

ስደትና የአእምሮ ጤና በሐኪሞች መዝገብ አብረው ሲነሱ ቆይተዋል። ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ተማሪ በ1688 ባዝል ከተማ ባቀረበው የሕክምና ጽሑፍ ናፍቆትን በሽታ ብሎ፣ ዛሬ ፈረንጆች “ኖስታልጂያ” የሚሉትን ቃል ከግሪክኛ ቀጣጥሎ ፈጠረ። ዋናው ፈውስ አገር ቤት መመለስ ነበር። በ1932 ደግሞ ኖርዌጂያዊው ኦርኑልቭ ኦደጎርድ ሚኒሶታ የሰፈሩ ኖርዌጂያውያንን አገራቸው ከቀሩት ወገኖቻቸው ጋር አነጻጸረ፤ በስኪዞፍሬኒያ ሆስፒታል የሚገቡት ስደተኞቹ በዝተው አገኘ። ማብራሪያው፣ ድሮውንም ለበሽታው የተጋለጠ ሰው ነው አገር ጥሎ ለመሄድ የሚነሳው የሚል ነበር።

ሁለቱንም ወደ ቤተ እስራኤል ስናመጣቸው አልገጠሙልንም። በ36 ሰዓት ውስጥ ሽማግሌውም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ አራሱም በአንድነት ሲነሱ “ለመሰደድ የተነሳሳው ማን ነው?” ብሎ መጠየቅ ምን ትርጉም አለው? የሆፈርም መድኃኒት አይሠራም። እነዚህ ሰዎች ለትውልዶች የናፈቁት ኢየሩሳሌምን ነው። ሲግድ በመጣ ቁጥር ተራራ ወጥተው የለመኑት ወደዚያ ለመመለስ ነው። ደርሰው ሲያዩት ናፍቆቱ አልጠፋም፣ ዞሮ ጎንደርን ያዘ። እንዲህ ያለውን ሰው ወዴት ትመልሱታላችሁ?

ሌላው ለክሊኒክ ያስቸገረው መርዶ ነው። መርዶ እኛ ዘንድ ሥርዓት አለው። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ማለዳ ተጠብቆ፣ ጎረቤት ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ ለቅሶው የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ሱዳን በረሃ ላይ ልጁን ቀብሮ ጉዞውን የቀጠለ አባት ተቀምጦ አላለቀሰም። እናቱ ጎንደር መሞቷን ከወራት በኋላ በደብዳቤ የሰማ ሰው ዘመድ የለበትም እንጂ ለቅሶ ተቀምጦ ነበር። በ1996 የታተመ አንድ ጥናት ከዚህ ማኅበረሰብ ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎችን ጉዳይ የሟች ዘመዶችን እያነጋገረ መርምሯል። ሐዘኑ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ይኸው ነው።

ዛርም ተከትሎ ሄዷል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር መልካም አያሁ በተባሉ ባለ ዛር ሴት ቤት ተቀምጦ የመዘገበውን ዓለም፣ እነ ኒምሮድ ግሪሳሩና ኤሊዔዘር ቪትስቱም ከስድሳ ዓመት በኋላ እስራኤል ውስጥ በታካሚዎቻቸው ላይ አገኙት። በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ ጥያቄውን በግልጽ አነሱት፤ ይህ የአእምሮ መታወክ ነው ወይስ በባህል ብቻ የሚገባ ሁኔታ? የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መማሪያና መመሪያ የሆነው መጽሐፍ በ1994 እትሙ ዛርን ከባህል ጋር የተያያዙ ሕመሞች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶት ነበር። እኛ ዛርን ለማሞገስ አይደለም የምንጽፈው፤ ስንት ሴት ለዛሯ ስትገብር ቤቷን እንዳራቆተች እናውቃለን። ነገር ግን ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ “ምን ትፈልጊያለሽ?” ተብላ የምትጠየቅ ሴት እና አሥር ደቂቃ ተሰጥቷት እንክብል ይዛ የምትወጣ ሴት፣ የትኛዋ እንደተደመጠች መናገር አይከብድም።

ሁሉንም ስቃይ ሆስፒታል ውስጥ መፈለግም ልክ አይደለም። በ1985 የእስራኤል ዋና ረቢዎች አይሁድነታችሁ ስለሚያጠራጥር ጥምቀት መሰል ሥርዓት ፈጽሙ ሲሏቸው፣ ቤተ እስራኤላውያኑ ኢየሩሳሌም በሚገኘው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። በጃንዋሪ 1996 ማሪቭ ጋዜጣ የለገሱት ደም በምስጢር ሲጣል መኖሩን ሲያጋልጥ፣ በሺህ የሚቆጠሩት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ወጡ። ደምህን የደፋ ሰው “ለምን አዘንክ?” ብሎ ቢመረምርህ ምን ትመልስለታለህ?

በክሊኒኩ ውስጥ ደግሞ አስተርጓሚ ሆነው የተገኙት ዕብራይስጡን ቀድመው የለመዱት ልጆች ናቸው። እንግዲህ እናት “ሆዴ ተቃጠለ” ትላለች እንበል። የአሥር ዓመቷ ልጅ “ሆዷን ያቃጥላታል” ብላ ታስተላልፋለች። ሐኪሙ የጨጓራ መድኃኒት ያዛል። ማንም አልዋሸም። ደግሞስ እናት ከአባት ጋር ያለባትን፣ ሱዳን ውስጥ የደረሰባትን ነገር በልጇ አፍ እንዴት ታወራዋለች?

ራፋኤል ዩንግማንና ባልደረቦቹ በ1999 ባወጡት ጥናት የታካሚውንና የሐኪሙን እይታ ጎን ለጎን አስቀምጠው ያዩት ይህንን ዓይነቱን ክፍተት ነው። ቀስ በቀስ ከማኅበረሰቡ የወጡ፣ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ከቃሉ ጀርባ ያለውን የሚያስረዱ አዋቂ አስታራቂዎች ወደ ምርመራ ክፍሉ መግባት ጀመሩ። በ1998 የተመሠረተው ጤና ብሪኡት የሚባለው ድርጅትም ትኩረቱ ስኳር በሽታ ላይ ቢሆንም በአማርኛና በዕብራይስጥ መካከል በስልክ የሚያስተረጉም አገልግሎት አቁሟል።

የርዕሳችን ጥያቄ እንዳይረሳ፤ ሆድ በዕብራይስጥ “ቤጠን” ይባላል። የሚገርመው፣ በዕብራይስጡ መጽሐፈ ምሳሌ ውስጥ ይኸው “ቤጠን” የሰው ነገር ወርዶ የሚገባበት ጓዳ ያለው ቤት ሆኖ መጠቀሱ ነው።