በወሎ የወሬ መሣሪያዎች ታሪክ፤ ከቴሌግራፍ እስከ ኮምፒዩተር

ማርክ ዋይዘር የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ኮምፒዩተር በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሰውን ወደ ራሱ የሚጠራ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ፥ በግድግዳና በቤት ዕቃ ውስጥ ተሰውሮ ሳይታወቅ የሚያገለግልበት ጊዜ እንደሚመጣ አስረዳ። ምሳሌ ያደረገውም ጽሕፈትን ነው፤ ጽሕፈት በመንገድ ምልክትና በከረሜላ መጠቅለያ ላይ ሳይቀር ስለሚገኝ፥ ሰው ማንበቡን ሳያስተውል ያነባል። ዛሬ በልዩ ልዩ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ሐሳብ ይዘው ስለ ሰው ጤናና ደኅንነት የሚመራመሩ ላቦራቶሪዎች አሉ። የሥራቸው ፍሬ ነገር፥ ሰው ሳይናገር መሣሪያው ሁኔታውን ዐውቆ ሊረዳ ለሚችል እንዲያስታውቅለት ማድረግ ነው።

የሩቅ ሰው ሁኔታ እንዴት ይታወቃል? የሚለው ጥያቄ ለደሴና ለኮምቦልቻ አዲስ አይደለም። (ወሬ ስንልም ሐሜቱን ሳይሆን የጥንቱን ትርጉም፥ ማለት የሩቁን ነገር መስማትን ነው።) አስመራን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የቴሌግራፍ ሽቦ በዘመነ ምኒልክ፥ እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 በኢጣልያኖች ተዘርግቶ በወሎ ምድር አልፏል። ሽቦው የሹማምንትን ቃል ያመላልስ ነበር እንጂ ባላገሩ ጎተራው መጉደሉን የሚናገርበት አልነበረም።

ይህ ልዩነት በ1965 ዓ.ም. ታየ። የዚያን ዓመት ረኃብ ከመበርታቱ በፊት በእርሻ ሚኒስቴር በኩል የተደረገው የሰብል ጥናት የእህሉን ጉድለት አሳይቶ ነበር፤ ነገር ግን ለሕዝብ አልተገለጠም። የተራበው ሰው ከየቀበሌው ወጥቶ ከኮምቦልቻ በደሴ ወደ ሰሜን በሚያልፈው መንገድ ዳር ሰፈረ፤ አቤት ሊል እስከ አዲስ አበባ በእግሩ የተጓዘውንም ፖሊስ መለሰው። በዚያው ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው አሳዩ፤ ተማሪዎችም ሰልፍ ለመውጣት ተነሡ። ዮናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ታየ። አዲስ አበባ ላይ በቴሌቪዥን የታየው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፥ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ በዐሥር ሺሕ የሚቆጠር ሰው አልቋል። እንግዲህ ቴሌግራፉም፥ ስልኩም፥ የጥናቱም ወረቀት ነበሩ፤ የጠፋው ሰሚ ነው።

ከዚህ በኋላ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ተጀመረ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ተቋቁሞ የዝናሙን፥ የሰብሉንና የገበያውን ሁኔታ ይከታተል ጀመር። ኮሚሽኑ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ እንደሚያስፈልገው ለለጋሾች አስታወቀ። መንግሥት ግን ለአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል ይዘጋጅ ነበር፤ ለጋሾችም ዘገዩ። ዓለም የነቃው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ በዚያ ጊዜ የወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረው ከኮረም ያስተላለፈውን ሥዕል ካየ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካኖች የምድሩን ልምላሜ በሳተላይት እያየ የሚያስጠነቅቅ ድርጅት አቆሙ። ሳተላይት የቅጠሉን መድረቅ ያያል፤ የገበሬው በሬ መሸጡን ግን ከገበያ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

በ1996 ዓ.ም. ግድም በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሠራተኞቹ የእያንዳንዱን ቤት የእናትና የሕፃን ጤና በቤተሰብ ማኅደር ይመዘግቡ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይኸው መዝገብ በየስፍራው ወደ ታብሌት እየተዛወረ ነው። ለዋይዘር ሐሳብ በገጠራችን የቀረበው ነገር ይህ ይመስለኛል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በኮምቦልቻ ስላለ፥ ለምርምር የሚፈልገው መስክ ከደጁ ነው። ነገር ግን ተመራማሪው መሣሪያው ምን ያያል ብሎ ከመጠየቁ በፊት፥ መልእክቱ ለማን ይደርሳል፥ የደረሰውስ በስንት ቀን እንዲመልስ ይገደዳል ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሌላም ችግር አለ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ደረሰባቸው፤ እስከ ኅዳር 27 ቀን ድረስ መብራትና ስልክ ተቋረጠ፥ የደሴ ሪፈራል ሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲው መሣሪያም ተዘረፈ። በእነዚያ ሳምንታት የከተሞቹ ወሬ ደብረ ብርሃን የሚደርሰው፥ እንደ 1965ቱ ሁሉ፥ በተፈናቃይ አፍ ነበር።