የመርፌው ክብደት

አክስቴ ፉትስክሬይ በሚገኘው ቤቷ፣ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ አሥራ አንድ ሸክላዎች አሏት። ሁሉም ትንንሾቹ፣ ባለ 45 ዙሮቹ ናቸው። አዲስ አበባ የቀረችው እህቷ በ1990ዎቹ አጋማሽ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በነጠላ ጠቅልላ በመንገደኛ እጅ የላከችላት ናቸው። ሜልበርን ከደረሱ ጀምሮ ግን አንድም ቀን አልተሰሙም፤ ማጫወቻ አልነበራትም። ለዶክትሬት ትምህርት መጥቼ እሷ ቤት ባረፍኩበት ሰሞን ካርቶኑን አውርዳ አሳየችኝ። የጥላሁን ገሠሠን፣ የማሕሙድ አህመድን፣ የዓለማየሁ እሸቴን ስም አነበብኩ። ዘፈኖቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ስልኬም ውስጥ አሉ። ሸክላ ግን በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት ማጫወቻ ገዛሁ። እንደ ሻንጣ የሚዘጋ፣ ድምፅ ማጉያው ከውስጡ የተገጠመለት፣ ቀለሙ የሚያምር፣ ዋጋውም የተማሪ ኪስ የማይጎዳ። አክስቴ የመጀመሪያውን ሸክላ ራሷ አስቀመጠችው። ሁለት ደቂቃ ያህል ጆሮዋን ሰጥታ ሰማችና «እሱ አይደለም» አለች።

«ማን አይደለም?»

«ጥላሁን ነዋ! ድምፁን ሲይዘው እንዲህ አይንቀጠቀጥም ነበር።»

ዕድሜና ትዝታ ተጋግዘው ያሳሳቷት መሰለኝ። አራት ወር ሙሉ፣ እሑድ እሑድ ቡና ሲፈላ፣ በዚያው ማጫወቻ ስናዳምጥ ቆየን። በኋላ እንደተረዳሁት ትክክል የነበረችው እሷ ናት። ስህተቴን ለመረዳት ደግሞ ስለ ማሽን ብቻ ማንበብ አልበቃኝም። ሸክላ በአገራችን እንዴት እንደ መጣና እንዴት እንደ ቀረ ማወቅ ነበረብኝ።

የተቀዳ ድምፅ ወደ ቤተ መንግሥታችን የገባው ገና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክቷን በራሷ ድምፅ ቀድታ በሰም ሲሊንደር ላከች። መልእክቱ ሲሰማ መድፍ ተተኮሰ። ከዚያም በስምምነቱ መሠረት ሲሊንደሩ እንዲጠፋ ተደረገ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥር ዓመት ውስጥ፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን በነበሩበት ጊዜ መሰንቋቸውንና ድምፃቸውን በርሊን ላይ በሸክላ አስቀዱ። የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሸክላ ታሪክ የሚጀምረው ከእሳቸው ነው። የዚያ ዘመን ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር፣ ከእጅ ካመለጠ እንደ ገንቦ የሚሰባበር ነበር። ከ1948 እና ከ1949 ጀምሮ ቀለል ያሉትና እንደዚያ የማይሰበሩት የፕላስቲክ ሸክላዎች፣ ኤል.ፒ. እና ባለ 45 ዙር፣ አሜሪካ ውስጥ ወጡ። እኛ ግን ስሙን አልለወጥንም። የማይሰበረውንም «ሸክላ» ብለን ቀጠልን።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተምና ከውጭ የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ዘፋኞቹም የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ ጥላሁንና ማሕሙድ የክብር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ የፖሊስ ኦርኬስትራ። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ያንን ብቸኛ መብት ተጋፍቶ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው ሥራው የዓለማየሁ እሸቴ «ትማርኪያለሽ» ነበር። አገር ውስጥ የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂው ወደ ውጭ እየተላከ፣ መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላም ሊባኖስና ግሪክ ታትሞ ይመለስ ነበር። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ያህል ኤል.ፒ. አወጣ። ዓሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቀው ዓሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሪከርድስ፣ ፊሊፕስም በራሱ ስም ተከተሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙዎቻችን ከወላጆቻችን አፍ የሰማነው ነው። አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊት ክበቦቹ ጨለሙ። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። ካሴት ርካሽ ስለ ነበረና አዲስ አበባ ውስጥ ሊባዛ ስለሚችል የሸክላን ቦታ ወሰደ። የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» በ1977 በካይፋ ሲታተም ዘመኑ እያበቃ ነበር። ከ1969 እስከ 1978 በጠቅላላው ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎችና 30 ያህል ኤል.ፒ. ታተሙ። በቃ፣ ይኸው ነው። የአንድ ከተማ ወርቃማ ዘመን የምንለው ሁሉ ሁለት መደርደሪያ አይሞላም።

የሻንጣ ማጫወቻዬ ስህተት ምን እንደ ነበር የገባኝ ይህን ቁጥር ሳውቅ ነው። ሸክላ ላይ ያለው ድምፅ በአካል ያለ ነገር ነው፤ በመስመሩ ግድግዳ ላይ የተቀረጸ ወጣ ገባ ነው። መርፌው ያንን እየዳሰሰ ያነበዋል፤ ሲያነበውም ይፍቀዋል። እንደኔው ያሉ ርካሽ ማጫወቻዎች መርፌውን በ5 ግራም ገደማ ክብደት ይጫኑታል። ደህና የሚባለው ማጫወቻ ግን የሚበቃው 2 ግራም ገደማ ነው። ልዩነቱ በእጅ ሲመዘን ምንም አይደለም። ከፀጉር ብዙም የማይወፍር የመርፌ ጫፍ ላይ ሲያርፍ ግን ማረሻ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማመን አለብኝ። በ1971 አዲስ አበባ ውስጥ የነበሩት የቤትና የቡና ቤት ማጫወቻዎችም መርፌያቸው የሚበዛው ከባድ ነበር። አክስቴ በወጣትነቷ ስትጨፍር የነበረው የተሻለ ማሽን ላይ አይደለም። ታዲያ የኔ ለምን ጥፋት ይሆናል? መልሱ ቀላል ነው። ያኔ ሸክላው ሲያልቅ ፒያሳ ወጥቶ ሌላ መግዛት ይቻል ነበር። ዛሬ ያንኑ እትም የሚተካ ሱቅ የለም። በሁለቱ ቀናት መካከል የተለወጠው የመተካቱ ዕድል ነው። ስለዚህ ለጀማሪ ሰው «ጥሩ ማጫወቻ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ከድምፅ ጥራት በፊት የሚጠይቀው ሌላ ነገር አለ፤ በእጅህ ያለው ነገር ቢያልቅ ከየት ታመጣለህ?

ይህን ከተረዳሁ በኋላ ምርጫው ያን ያህል አልከበደኝም። ሜልበርን ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት፤ ፊትዝሮይና ብረንስዊክ ውስጥ የሸክላ ሱቆች አሉ፤ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ እንኳ ኖሯት ያውቃል። ሦስት ነገር ብቻ ፈለግሁ። አንደኛ፣ ክንዱ ከኋላው ክብደት ያለውና የመርፌው ጫና በግራም የሚስተካከል እንዲሆን። ሁለተኛ፣ መርፌው የአልማዝ ጫፍ ያለውና ሲያልቅ ብቻውን የሚለወጥ እንዲሆን፤ መርፌ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ከሠራ በኋላ ይደክማል፤ የደከመ መርፌ ደግሞ ከከባድ መርፌ አይሻልም። ሦስተኛ፣ ሳህኑ ከበድ ያለና ሳይዋዥቅ የሚዞር እንዲሆን።

ሦስተኛው ነጥብ አክስቴን የሚክስ ነው። ማሽኑ አንድ ዓይነት ፍጥነት ካልጠበቀ የዘፈኑ ቅኝት ይወጣል ይወርዳል። ፈጣን ዘፈን ላይ ላይታወቅ ይችላል። ጥላሁን አንድ ድምፅ ይዞ ሲያቆየው ግን ወዲያው ይታወቃል፤ ያ የተያዘ ድምፅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። «እሱ አይደለም» ያለችው ሞተሩን ነበር። ስም አላገኘችለትም እንጂ የሰማችው ትክክል ነበር።

የቀረው ገጣጥሞ ማገናኘት ነው። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ አለዚያ መስመሩ እጅግ ይሰፋል። ይህን መልሶ የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ፣ ፎኖ ፕሪአምፕ የሚሉት፣ በመሃል መኖር አለበት። ከ1954 ጀምሮ የማስተካከያው ልክ በአሜሪካ የሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር ተወስኗል። አንዳንድ ማጫወቻ ከውስጡ ይዞት ይመጣል፤ ለጀማሪ ይኸኛው ይቀላል። ድምፅ ማጉያዎቹ ማጫወቻው ካለበት ጠረጴዛ ላይ ባይቀመጡ ይመረጣል፤ ንዝረታቸው ተመልሶ መርፌው ውስጥ ይገባልና። መሃሉ ሰፊ ቀዳዳ ላለው ትንሽ ሸክላ ማስገቢያ ክብ ፕላስቲክ ያስፈልጋል፤ ዋጋው ምንም አይደለም፣ ሲጠፋ ግን ቀኑን ያበላሻል።

አዲስ የገባ ሰው ሦስት ስሞች ደጋግሞ ይሰማል። የእንግሊዙ ሬጋ ፕላናር በቀላልነቱ ይመሰገናል፤ የጃፓኑ ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤል.ፒ.120 አብዛኛውን ነገር አሟልቶ ይይዛል፤ በ1972 የወጣው ቴክኒክስ ኤስ.ኤል.-1200 ደግሞ ከ«ቼ በለው» በአምስት ዓመት የሚበልጥ ሆኖ ዛሬም በየቤቱ ይሠራል። እኔ በመጨረሻ የገዛሁት ያገለገለ ነው። መርፌውን ብቻ አዲስ አደረግሁለት። ከሻንጣዋ ማጫወቻ ሦስት እጥፍ ፈጀብኝ። በእርግጥ ለሁለት ወር ምሳዬን ከቤት ቋጥሬ እየወጣሁ ነው።

ይህን የሚያነብ ሰው «ዳግም የታተመውን ለምን አትገዛም?» ይለኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1986 የማሕሙድን «ኧረ መላ መላ» ለአውሮፓ አድማጭ ካቀረበ፣ በኋላም «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ከጀመረ ወዲህ፣ ያ ሙዚቃ ከኛ ሰፈር ወጥቶ ዓለምን ዞሯል። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ፊልሙ ውስጥ አስገባ። እዚህ ሜልበርን ብላክ ጂሰስ ኤክስፒሪያንስ የተባለው ባንድ ከሙላቱ ጋር በ2016 አልበም አውጥቷል። ከነዚህ አዳዲስ እትሞች ሁለቱን ገዝቻለሁ፤ ቤት ውስጥ ዘወትር የሚሰሙትም እነሱ ናቸው። ጽዱዎች ናቸው፣ ቢያልቁ ይተካሉ፣ የተጻፈባቸውን ታሪክም ያስተምራሉ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝና ነገሩን በራሴ ሙያ ላስበው፦ የአንድ ድርሰት የታረመ እትም እያለ አንባቢ በየቀኑ ብራናውን አይገልጥም። ብራናው የሚከፈተው እትሙ የማይነግረን ነገር ሲኖር ነው።

ያ ነገር ምን እንደ ሆነ አዲሱ ማሽን በተተከለ ዕለት ገባኝ። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችና ያንኑ የጥላሁን ሸክላ ሰጠችኝ። ክንዱን በቀስታ አወረድኩት። የተያዘው ድምፅ ቀጥ ብሎ ቆመ። አንገቷን ነቀነቀች። ትንሽ ቆይቶ መርፌው አንድ ቦታ ላይ ቀጭ ብሎ አለፈ፤ የቆየ ጭረት ነው።

«እሷ ናት» አለች እየሳቀች።

«ማን?»

«እህቴ ነቻ። ያኔ ሁለታችንም ክንዱን ልናነሳ ስንሻማ፣ ከእጇ አምልጧት ጫረችው። አባታችን ሳይሰማ ቀረ። ሲሰማ ደግሞ እኔ ነኝ አልኩ።»

እህቷ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። የትም አገር የታተመ ጽዱ እትም ያቺን ጭረት ሊኖረው አይችልም።

ሁለተኛውን ሸክላ ስንሰማ ግን ዝም አልን። በአራቱ ወር እሑዶች አብዝተን ያዳመጥነው እሱን ነበር። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ፣ መስመሩ በሚጠብበት በኩል፣ የማሕሙድ ድምፅ እንደ አሸዋ ይንሿሿል። ያ ከአዲስ አበባ የመጣ ጭረት አይደለም። የኔ ማጫወቻ ነው ያመጣው። አክስቴ ጆሮዋ እንዳልሳተው ፊቷን አይቼ አውቄያለሁ። እሷ ግን ሸክላውን በዳርና በዳር በመዳፏ ይዛ አነሳችው፣ ወደ ወረቀቱ መለሰችው፣ «ይሄኛውን ለፋሲካ እናስቀምጠዋለን» አለችኝ።

አሁን ደንብ አለን። ትንንሾቹ ሸክላዎች የሚሰሙት በዓመት በዓልና እህቷን በምታስብበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት አቧራቸውን በለስላሳ ብሩሽ አነሳለሁ፤ የመርፌውን ጫና በትንሿ ሚዛን እለካለሁ፤ 2 ግራም። ሻንጣዋን ማጫወቻ ለማንም አልሰጠኋትም። ሌላ ሰው ቤትም አሥራ አንድ ሸክላ ያለበት ካርቶን ሊኖር ይችላል።