ከረጢትና ፋሻ፦ የፈረስን እግር ስለ መጠቅለል ታሪካዊ ምልከታ



እኛ ስለ ፈረስ ስንናገር በአብዛኛው የምንናገረው ስለ ስሙ ነው። አባ ታጠቅ ሲባል ዐፄ ቴዎድሮስን፣ አባ ዳኘው ሲባል ዐፄ ምኒልክን የማያስታውስ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። ስሙን ያስጠራው እንስሳ በምን ዓይነት እግር እንደ ቆመ የሚጠይቅ የታሪክ ተማሪ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ እግር ነው፤ ምስክሬም ጽሑፉ የተረፈልን አቴናዊው ዜኖፎን ነው።

ታናሹ ቂሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401 ዓመት ኩናክሳ ላይ ሲወድቅ፣ ቀጥሯቸው የነበሩት ዐሥር ሺህ ያህል የግሪክ ወታደሮች ወደ አገራቸው ለመመለስ ሰሜኑን ይዘው ተጓዙ። በአርመንያ ተራሮች ላይ በረዶ ያዛቸው። ዜኖፎን «አናባሲስ» በተባለው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ከመሬት በታች በተሠሩ ቤቶች የሚኖሩ ገበሬዎች አስጠጓቸው፤ የገብስ መጠጥም በሸምበቆ እየሳቡ ጠጡ። (የገብስ ጠላ ለሚያውቅ ሰው ይህ ክፍል እንግዳ አይሆንበትም።) ከመንደሮቹ የአንዱ ሹም፣ ፈረሶችና የጭነት ከብቶች በበረዶ ላይ ሲመሩ እግራቸውን በትንንሽ ከረጢት እንዲጠቀልሉ አስተማራቸው። ያለዚያ እንስሳቱ እስከ ሆዳቸው ይሰምጡ ነበር።

ይህን ክፍል የፈረስ ጫማ መነሻ አድርገው የሚጠቅሱት አሉ። እኔ አልስማማም። ከረጢቱ ሰኮናን ከድንጋይ ለመከላከል የታሰረ አይደለም፤ የእግሩን መርገጫ አስፍቶ ክብደቱን በበረዶው ላይ ለመበተን ነው። አገልግሎቱም የተወሰነ ነው፦ በበረዶ ላይ ሲመሩ ብቻ። ብልሃቱን ያስተማረውን ሹም ስም ዜኖፎን አልነገረንም። የነገረን፣ ሹሙ መንገድ መሪ ተደርጎ ሲወሰድ የጦር አዛዡ ኬይሪሶፎስ እንደ መታውና እርሱም ሌሊት ልጁን ጥሎ እንደ ጠፋ ነው። በዚያ ሁሉ ጉዞ ዜኖፎንና ኬይሪሶፎስ የተጣሉት በዚህ ብቻ ነበር።

ዜኖፎን በኋላ ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ከረጢቱ የለም። ገዢው አስቀድሞ እግሩን ይመርምር ይላል፤ መሠረቱ የተበላሸ ቤት ምን ይረባል? የቅልጥሙ አጥንት ወፍራም ይሁን እንጂ ሥጋና ደም ሥር የበዛበት አይሁን፤ ያለዚያ በጠንካራ መሬት ላይ ሲጋለብ ያብጣል፣ ቆዳው ይላላል፣ ከኋላ ያለውም ጅማት ይለቅና ፈረሱ ያነክሳል። ለሰኮናው መጠንከሪያ በጋጣው ደጃፍ አራት ወይም አምስት ጋሪ ድቡልቡል ድንጋይ እንዲነጠፍ ያዝዛል። እግሩን በየዕለቱ በውኃ ማጠብን ይከለክላል። የጦር ፈረስን መከላከያ ሲዘረዝርም ግንባርን፣ ደረትን፣ ጭንንና ሆድን ያነሣል፤ ከዚያ በታች ስላለው እግር ዝም ይላል።

ይህ ዝምታ ቸልተኝነት ነው ብዬ አላምንም። የፈረስ እግር ከጉልበት በታች ሥጋ የለውም ማለት ይቻላል፤ አጥንት፣ ጅማትና ቆዳ ነው። ማሰሪያው ቢጠብቅ ጫናውን የሚያበርድለት ነገር የለም። የዛሬ ባለሙያዎች እግሩን አጽድተውና አድርቀው፣ ወፍራም ጥጥ አልብሰው፣ ፋሻውን ሳይጨማደድ በእኩል ውጥረት የሚጠቀልሉትና ቋጠሮው በኋለኛው ጅማት ላይ እንዳይውል የሚጠነቀቁት በዚህ ምክንያት ነው። በየዕለቱም ፈትተው ያዩታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 የታተመ ጥናት ደግሞ በሚጋልብ ፈረስ የፊት እግር ጅማት ውስጥ እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት መለካቱን አሳይቷል። ከግጭት የሚከላከለው መሸፈኛ ይህን ሙቀት አፍኖ ሊያስቀር ይችላልን? ጥያቄው ዛሬም ያከራክራል።

እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አልነበረም። በልጅነቴ የአባቴ ፈረስ ቅልጥሙ ላይ ቆስሎ፣ ደግ የሠራሁ መስሎኝ በነጠላ ቅዳጅ ጥፍር አድርጌ አሰርሁት። ሲነጋ እግሩ ከማሰሪያው በላይና በታች አብጦ አገኘነው። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ተንበርክኮ ቀስ ብሎ ፈታው። ቁስሉ በሳምንት ዳነ፤ ማሰሪያዬ ያመጣው ማንከስ ግን እስከ መኸር ቆየ።