ከምድጃ አናት የወረደ ጣውላ፤ የአንድ የጊታር አንገት ታሪክ

የምሕንድስና ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር የሚነሡት ድልድዩ፣ ግድቡና የባቡር ሐዲዱ ናቸው። ይህች አጭር ጽሑፍ የምትመለከተው ግን በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ የተሠራ የጊታር አንገትን ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፣ የኃይል፣ የልኬትና የቁሳቁስ ጥያቄዎች ተሟልተው የሚገኙበት ስለ ሆነ ለማኅበራችን አባላት ባዕድ አይሆንም ብለን እናምናለን። ከአንድ ቦታ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጊዜው 1963፣ ቦታው ከለንደን በስተምዕራብ የሚገኘው ፌልተም ነበር። ሚስተር ሃሮልድ ሜይ በእንግሊዝ የአቪዬሽን ሚኒስቴር የሚሠሩ የኤሌክትሮኒክስ ባለሞያ ነበሩ። የ16 ዓመቱ ልጃቸው ብራያን የኤሌክትሪክ ጊታር ይመኛል፤ ፋብሪካ የሠራውን ለመግዛት ግን የቤተሰቡ አቅም አልፈቀደም። ስለዚህ አባትና ልጅ ጊታሩን በእጃቸው ለመሥራት ተስማሙ። ሥራውም ሁለት ዓመት ያህል ወሰደ።

ለአንገቱ የተመረጠው ከአንድ የእሳት ምድጃ አናት ላይ የተነሣ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የማሆጋኒ ጣውላ ነው። ነቀዝ በስቶት ስለ ነበር ልጁ ቀዳዳዎቹን በክብሪት እንጨት ደፈናቸው፤ ቅርጹንም በሰንጢ እየጠረበ አወጣው። ይህ ታሪክ ሲተረክ ሰዎች የሚደነቁት በዚሁ ነው፤ ጣውላው ከምድጃ፣ ሞላው ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት፣ በአንገቱ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ከእናትየው የስፌት ሳጥን በተገኙ አዝራሮች መሠራታቸውን ያወሳሉ። ሁሉም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ውዳቂ ዕቃ ያለው ሰው ሁሉ ጊታር አይሠራም። አባትና ልጅ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ነበረባቸው።

የመጀመሪያው የኃይል ጥያቄ ነው። ስድስት የብረት ክሮች በቃናቸው ልክ ሲወጠሩ በጠቅላላው ከ40 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ጉልበት አንገቱን ይስባሉ። ክሮቹ ከእንጨቱ በላይ ስለሚያልፉ አንገቱን ወደ ራሳቸው ያጎብጡታል። በአሜሪካ የጊብሰን ፋብሪካ ባልደረባ የነበረው ታዴየስ ማክሂዩ በ1923 ፓተንት ያገኘው ለዚህ ችግር ነበር፤ መፍትሔውም በአንገቱ ውስጥ የሚቀበርና በብሎን የሚጠብቅ የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ ሲጠብቅ አንገቱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዩጂን ፍሬሲኔ በ1928 ፓተንት ያገኘበትን፣ ቀድሞ የተወጠረ ብረት ያለውን ኮንክሪት የሚያውቁ ባልደረቦቻችን ዝምድናውን ወዲያው ያስተውላሉ። አባትና ልጅም በማሆጋኒው ውስጥ በእጃቸው የሠሩትን የብረት ዘንግ ቀበሩበት።

ሁለተኛው የልኬት ጥያቄ ነው። የክሩ ርዝመት 610 ሚሊሜትር፣ ፍሬት የሚባሉት የብረት መሥመሮች ብዛት 24 ነው። የታላቁ ጋሊልዮ አባት ቪንቼንሶ ጋሊሌይ በ1581 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እያንዳንዱ ፍሬት ከቀሪው ክር አንድ አሥራ ስምንተኛውን እየቆረጠ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በዚህ ደንብ ብንሄድ፣ ልክ በክሩ እኩሌታ ላይ መዋል የሚገባው 12ኛው ፍሬት 2 ሚሊሜትር ያህል ይጎድላል። ትክክለኛው ስሌት ቀሪውን ርዝመት በየጊዜው ለ1.0595 ማካፈል ነው፤ ይህም ቁጥር 12 ጊዜ በራሱ ሲባዛ 2 ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍተት 34፣ የመጨረሻው 9 ሚሊሜትር ያህል ነው። በላይኞቹ ፍሬቶች ላይ የአንድ ሚሊሜትር ስሕተት ጆሮን ይቆረቁራል።

ሦስተኛው የእንጨቱ ድርቀት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በጓሮው ከዋንዛ አንድ አንገት ሠርቶ፣ ስሌቱን ሦስት ጊዜ አረጋግጦ፣ እንጨቱ እስኪደርቅ ግን ሳይታገሥ ቀርቶ ነበር። በሦስተኛው ወር አንገቱ ተጣመመ። የፌልተሙ ጣውላ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የደረቀ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር አባቶችን የሚመለከት ነው። ብራያን በኢምፔሪያል ኮሌጅ የጀመረውን የሥነ ፈለክ የዶክትሬት ጥናት አቋርጦ ኩዊን በተባለው የሙዚቃ ጓድ ሲጸና፣ ጊታሩን አብረው የሠሩት አባት አጥብቀው ተቃወሙ። ልጃቸው ለትምህርቱ ሲሉ የደከሙለትን ሁሉ የጣለ መስሏቸው ነበር። ቅሬታው የተፈታው ከዓመታት በኋላ፣ በኒውዮርክ ልጃቸው በብዙ ሺሕ ሕዝብ ፊት ሲጫወት ካዩ ወዲህ ነው። ብራያንም ያቋረጠውን ዶክትሬት በ2007 ፈጸመ።

ያ አንገት እኛንም ነክቶናል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በለንደን ዌምብሊ ስታዲየም በረኀብ ለተጎዱት ወገኖቻችን ርዳታ ለማሰባሰብ በተዘጋጀው ትርዒት ላይ ብራያን የተጫወተው በዚሁ ጊታር ነበር። አባትና ልጅ የማሆጋኒውን ጣውላ ሲለኩ ይህ ቀን በሐሳባቸው ሊኖር አይችልም።

እኛም ልጆቻችንን ከሞርሳው አጠገብ ስናቆም ምን እንደሚሆኑበት አስቀድመን ልንወስንላቸው አንችልም። መለካትንና እንጨቱ እስኪደርቅ መታገሥን ግን ልናስተምራቸው እንችላለን፤ ይህ ጸሐፊም ሁለተኛውን ዋንዛ ከጣሪያ ሥር አስቀምጦ በመጠበቅ ላይ ይገኛል።