ሐዋሳ ምን ትበላለች?

የአንድን ከተማ ታሪክ ማወቅ የፈለገ ሰው መዝገብ ቤት ከመግባቱ በፊት ምግብ ቤት ይግባ እላለሁ። ማን መጣ፣ ማን ተቀበለ፣ ማን ከበራፍ ቀረ የሚለውን ገበታው ይነግረዋል። ሐዋሳን እንውሰድ። የምግብ ዝርዝሩን ሲገልጡት ጥብስ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ጣሊያን ትቶልን የሄደው ፓስታ አለ፣ ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶም በለብለቡም በጉላሹም አለ። አገሩን ለዘመናት ያኖረው እንሰትስ የት ገባ?

መልሱ ከአመሠራረቷ ይጀምራል። የሲዳማ ምድር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በምኒልክ ጦር ሥር ሲገባ፣ ሹሙና ወታደሩ የእንጀራ ልማዱን ይዞ መጣ። ሐዋሳ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. ገደማ በራስ መንገሻ ሥዩም አነሳሽነት ስትቆረቆር፣ ከቀደምት ሠፋሪዎቿ መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩ። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫም ከይርጋለም ወደዚሁ ተዛወረ። የቢሮው ቋንቋ አማርኛ፣ የቢሮው ምሳ እንጀራ ሆነ። እንሰትን የከለከለ አዋጅ አልወጣም፤ ግን ንቀት መቼ አዋጅ ይፈልግና! የጓሮ ምግብ ተብሎ ጓሮ ቀረ። ቆጮ በከተሞቻችን ሆቴል ቤቶች ወንበር ያገኘው እንኳ በአመዛኙ የጉራጌን ክትፎ አጅቦ ነው፤ እንደ ሚዜ ማለት ነው።

በማስተማር ዘመኔ አንድ ተማሪዬ እናቱ የቋጠሩለትን ዋሳ መኝታ ክፍል ውስጥ ተደብቆ ይበላ እንደነበር አጫውቶኛል። «ሽታው ያሳፍረኝ ነበር» አለኝ። ሽታው ምን መሰላችሁ? የብልሃት ሽታ ነው። እናቶች ግንዱን በቀርከሃ ፍቀው፣ ሥሩን ከትክተው፣ በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ለሳምንታት፣ ሲሻቸውም ለወራት ያብላሉታል። የካምቦዲያ ሰዎችም ዓሣን በጨው አብላልተው ፕራሆክ የሚሉትን ይሠራሉ፤ እንግዳ አፍንጫውን ይይዛል፣ እነሱ ግን ያለሱ ወጥ አይጥማቸውም። ማብላላት ድሃ የፈጠረው የባንክ ቤት ነው፤ የዛሬን ለክፉ ቀን ማስቀመጫ።

ክፉ ቀን ደግሞ መጥቶ አይተነዋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሰሜኑን ሲፈጅ እንሰት አብቃዩ አካባቢ በአንጻሩ የተሻለ ተቋቁሟል። እንሰት እንደ እህል የአንድ ወቅት ዝናብ ቀረ ብሎ አይከዳም፤ በጓሮ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሲቸግር ይቆረጣል። በአገራችን 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በእሱ ላይ እንደሚተማመን ይገመታል።

የሲዳማ ሰው ይህን ቀድሞ ስለሚያውቅ የዘመን መለወጫውን ታሪክ ከምግብ ጋር አስሮታል። በአፈ ታሪኩ ፊቼ የምትባል ሴት ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿን ትጠይቅ ነበር፤ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሚሰናዳውን ምግብ ጎረቤት ሁሉ ይቋደሰዋል። ፊቼ ጫምባላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፈረ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት ሲዳማ ክልል፣ ሐዋሳም መዲናው ሆነች። ዛሬ ቡርሳሜ በባህል ምግብ ቤት በሸክላ ቀርቦ ያዩታል። እሰየው ነው።

ግን ሸክላው ላይ ሲደርስ ደስ ብሎን ጓሮውን እንዳንረሳ እፈራለሁ። ከተማው ሲሰፋ የሚውጠው የእንሰት ማሳ ነው። በ1960 ዓ.ም. ሳይንቲስቶች የለዩት አጠውላጊ በሽታ እስካሁን የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም፤ ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው በቢላ ይሻገራል፤ የዓመታትን ልፋት በወራት ያወድማል። ሥራው አድካሚ ስለሆነም ልጃገረዶች ከእናታቸው መማሩን እየተዉት ነው። አልፈርድባቸውም፤ ወንዱ አብሮ ይፋቅ፣ መፋቂያ መሣሪያውም ይሻሻል።

«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። የበሽታውን ምርምር፣ የጓሮውን ጥበቃ፣ የመሣሪያውን ሥራ ሌላ አገር መጥቶ አይሠራልንም፤ ቡርሳሜ ለእንግዳ ማሳያ ብቻ ሆኖ የቀረ ዕለት፣ ክፉ ቀን ሲመለስ የምንቆርጠው አይኖርም።